የማስተዋል ኮምፒውተር የተፈታ ዕለት

«ያንን ዕቃ ዛሬ ግደልልኝ» አሉት አያ እንየው ወንድዬን በስልክ፤ ገና ጀንበር ሳትወጣ ነው። ኮምፒውተር የሚለው ቃል ጠፍቷቸው አይደለም። ልጃቸው ማስተዋል ቆሰበር ከተማ ላይ ፎቶ ቤትና ባነር ማተሚያ ከፍታ፣ ያንኑ ዕቃ እየነካካች ቤቷን ስትደግፍ ስንት ዓመት አይተዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ስሙን መጥራት ትተዋል። «ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሎቹን ይዤ እስክመጣ እንዳይበራ። እንደ እናቷ ጊዜ በመስታወት አይታ እንድትጮህ አልፈልግም። ልጄ በወጉ ትስማ። ሰማኸኝ?» ወንድዬ «ሰምቻለሁ አያ» አለ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ እግሩን ካልሲ አልብሶ አንዱን ባዶውን ትቶ፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮው ላይ እንደያዘው ቆየ።

የሞተው ባምላክ ነው፤ የማስተዋል ታናሽ ወንድም፣ የአያ እንየው የመጨረሻ ልጅ፣ ለወንድዬ ደግሞ የአጎቱ ልጅም እኩያውም። ጃዊ በረሃ ሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ ነበር። ወባ ያዘው፣ ናቀው፣ ሲብስበት ወደ ሐኪም ይዘውት ሲሮጡ መንገድ ላይ አረፈ፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ከዚህ የበለጠ የሚተረክ የለውም። የሥራ ባልደረቦቹ ስልኩን ከፍተው መጀመሪያ ያገኙት ስም «ወንድዬ ዳንግላ» የሚል ስለነበረ ትናንት ማምሻውን ለእሱ ደወሉ። እሱ ለአጎቱ ጎረቤቶች ነገረ፤ ጎረቤቶቹም ተሰብስበው ለአባትየው አረዱ። አስከሬኑ ዛሬ በዳንግላ በኩል ይመጣል፣ ቀብሩ ነገ ቀትር ላይ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለው ደብራቸው ነው። ወንድዬ ከዚያች ስልክ ወዲህ አላለቀሰም። ውስጡን ሲዳስሰው የጥርስ ሐኪም መርፌ እንደወጋው ድድ ሆኖበታል፤ ሥጋው አለ፣ የሚሰማው ነገር የለም። ይህም አስፈርቶታል፤ ባምላክን ይወደው ነበርና።

የእናትየው ሞት ጊዜ የሆነውን ቆሰበር ሁሉ ያውቀዋል። ማስተዋል ጧት ሱቋን ከፍታ ተቀምጣ ሳለ አንድ ከዕድር የተላከ ጎረምሳ ፍላሽ ይዞ ገባ። «እህቴ፣ ለቀብር ነው፣ ቶሎ አውጪልኝ» አላት። የማን ልጅ መሆኗን አያውቅም፤ የታዘዘውን የሚያደርስ ምስኪን ነው። እሷም እንደ ልማዷ «ነፍስ ይማር፣ ማን ሞቶ ነው?» እያለች ፍላሹን ሰካች። ያረጀው ኮምፒውተር ፎቶውን ለመክፈት ተንቀራፈፈ። ምስሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወጣ፤ መጀመሪያ ነጠላ፣ ከዚያ ግንባር፣ ከዚያ ዓይን። እናቷን እንዲህ ቁራጭ በቁራጭ ሞተው አገኘቻቸው። መርዶ ነጋሪዎቹ ከመንደር የተነሱት በዚያው ሰዓት ነበር፤ ሲደርሱ አስፋልት ላይ ባዶ እግሯን እየጮኸች ደረሱባት። አያ እንየው ዛሬም ስለ ሚስታቸው ሲያወሩ እዚህ ላይ ሲደርሱ ነው ድምፃቸው የሚሰበረው። ሰው ልጁን አስቀምጦ፣ ዘመድ አስከብቦ፣ እጇን ይዞ ይነግራል እንጂ ዕቃ ይነግራታል? ይላሉ።

እንግዲህ ወንድዬ ዳንግላ ላይ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለው። ማስተዋል «ራም ጨምርልኝ፣ ሃርድ ዲስኳን ቀይርልኝ፣ አንድ ባነር እስኪከፈት ደንበኛዬ ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል» እያለች መለመን ከጀመረች ክረምቱ ገብቶ ወጥቷል። እሱ እቴ! ዛሬ እመጣለሁ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ከበዓል በኋላ፣ ከዝናቡ በኋላ። ዕቃዎቹን ከገዛቸው ቆይቷል፤ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጥተው ተቀምጠዋል። ዘመድ ስለሆነች ትጠብቃለች፤ ባዕድ ብትሆን በነጋታው ይሠራላት ነበር። ዛሬ ማለዳ ሁለቱን ራሞችና አዲሱን ዲስክ አቧራቸውን አራግፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ወደ መናኸሪያ ሄደ። በመንገዱ ላይ አንድ ሰው «ምነው ፊትህ?» ቢለው «ጥርሴን» ብሎ አለፈ።

ሚኒባሱ ውስጥ የጥቅምት ብርድ ከሰዉ ጋር ተሳፍሮ ነበር። መንገድ ላይ ባለችው አዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል በማዳበሪያ ተደርድሯል፤ አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ስለ ድንች ዋጋ እያነሱ ሲጥሉ፣ አምና በኩንታል ስንት እንደነበረ፣ ዘንድሮ ነጋዴው እንዴት እንደጨከነ ሲነግሩት እሱ «እንዴ!» እና «ይገርማል!» እያለ በየቦታው ይሞላላቸዋል። በአእምሮው ሁለት ሥራ ይመላለሳል። አንደኛው ዕቃውን መግደል ነው። ሁለተኛው ፎቶ ነው። የባምላክ ደህና ፎቶ ያለው እዚያው የእህቱ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው፤ ያንን ሳታየው በፍላሽ አውጥቶ ለሚኒባስ ሾፌር አስይዞ ወደ ዳንግላ ይልካል፣ ባነሩ እዚያ ታትሞ ከአስከሬኑ ጋር ይመጣል። ቆሰበር ላይ እንዳይታተም ነው፤ ቆሰበር ላይ የሙት ባነር ሁሉ የሚወጣው ከእሷ እጅ ነው። የሞባይል ዳታ ከጠፋ ስለሰነባበተ በስልኳ ታያለች ተብሎ አልተፈራም። ስልክ የሚደውል ዘመድ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይናገርም።

የማስተዋል ሱቅ ከመኖሪያ ቤቷ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ፊቱ ወደ አስፋልቱ፣ ጀርባው ወደ ግቢው። ሁለት የቀርከሃ ወንበሮች፣ ፎቶ ለሚነሱ ሰዎች የተሰቀለ ሐይቅና ዳክዬ የተሳለበት መጋረጃ፣ ጥግ ላይ ሰፊው ማተሚያ፣ ግድግዳው ላይ የማይታወቁ ሙሽሮችና ተመራቂዎች ፎቶ። ማስተዋል መጥረጊያ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወንድዬን አየችው፣ ቦርሳውን አየችው፣ እንደገና እሱን አየችው።

«ሳልጠራህ?» አለችው።

«መንገድ ነበረኝ፤ እግረ መንገዴን ልሥራላት ብዬ ነው እታለም።»

«እንኳን መጣህ» አለችና መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደገፈች። ወንድዬ ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ይህን ሁሉ ወር ለምና አንድ ስድብ ይገባት ነበር። ሳትሰድበው ስትቀር ቀለል አለው፣ ለምን እንደቀለለው ግን አላሰበበትም።

ሲፒዩዋን ከጠረጴዛው ሥር ሳቦ መሬት ላይ አጋደማት፣ ጎኗን ፈታ። ውስጧ የተጠራቀመው አቧራ እንደ በግ ጠጉር ተድቦልቦሏል። በዚያው ቅጽበት የማስተዋል ስልክ ጠራ። «አባዬ ናቸው» አለችና በአዊኛ ሰላምታ ጀመረች፤ ከዚያ አፏ ላይ ያለውን ቃል እንደ መዋጥ አድርጋ ወደ አማርኛ ዞረች። «ደህና ነኝ። አዎ፣ ሁላችንም ደህና ነን። እግዚአብሔር ይመስገን። አዎ፣ መጥቷል፣ እየሠራው ነው። እርስዎስ?» ስልኩ ሲዘጋ ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ትንሽ ቆየች። ወንድዬ ሁለቱን አሮጌ ራሞች ከማቀፊያቸው ነቅሎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። ያለ እነሱ ያ ዕቃ ቢጮህ እንጂ አይበራም። ሥራው ግማሹ አለቀ ብሎ ተነፈሰ።

አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ፈቶ በገመድ ከራሱ ላፕቶፕ ጋር አገናኘው፤ ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ ዲስክ መገልበጥ ጀመረ። እስክሪኑ ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር በቀንድ አውጣ ፍጥነት ትሳባለች። «ብዙ ይፈጃል?» አለችው። «አርጅቷል፤ ቦታ ቦታው ተበላሽቷል። ማታ ድረስ ቢፈጅ ነው» አላት። ውሸት ነበር፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያልቅ ነበር። እሷ ግን አልተከራከረችም። ማሽኑ ሥራ ሲፈታባት ዕቃ እየወረወረች የምትቆጣው ሴት፣ የቀርከሃ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የፎቶ ፍሬሞችን አንድ በአንድ በጨርቅ መወልወል ጀመረች። የወለወለችውን መልሳ ትወለውላለች።

ያን ቀን ወደ ሱቁ የገባ ሰው ሁሉ ደግ ሆኖ ገባ። ለመዘምራን ባነር ያዘዘችው ሚልካ «አይቸኩልም፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ቢሆንም ግድ የለም» አለች፤ ትናንት ግን ለእሁድ ካልደረሰ ብላ ቁጣዋ ጣሪያ ነክቶ ነበር። የማስተዋልን እጅ ይዛ ሳትለቅ ቆየች፣ «ጌታ ያበርታሽ» አለች፣ ወዲያው «ማለቴ፣ በሥራሽ» ብላ አስተካከለችና ዓይኗን እየጠራረገች ወጣች። ጎረቤቷ ማናየሽ ልብስ ስፌቷን ዘግታ ምሳ በሰሃን ሸፍና አመጣች፤ «ዛሬ አብስዬ ተረፈኝ» አለች። ማናየሽ እጇ የሰሰተ መሆኑን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ወጥ የተረፋት በአሥር ዓመት አንዴ ዛሬ ነው። ቀጥሎ የማስተዋል ባል ይሄይስ ከመሥሪያ ቤቱ መጣ። ሴት ልጃቸውን «እናቴ ጋ ትደር፣ ናፍቃታለች» ብሎ ሊወስዳት ነው የመጣው። በሩ ላይ ቆሞ ሚስቱን ማየት አቃተው፤ ስለዚህ ወንድዬን «ይሄ አዲሱ ዲስክ አሁን ስንት ገባ?» ብሎ ጠየቀው። ይሄይስ በሕይወቱ የዲስክ ዋጋ አስጨንቆት አያውቅም። ወንድዬ ነገረው። «ኧረ! ያን ያህል?» አለ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ልጅቱን እጇን ይዞ ሄደ። ማስተዋል በሩ ድረስ ወጥታ የልጅቱን ሹራብ ቆለፈችላት። የመጨረሻው ቁልፍ አልገባ ብሏት ደጋግማ ሞከረችው።

ምሳውን አቀረበች። ወንድዬ አንድ ጊዜ ቆርሶ እጁን ሰበሰበ። «ብላ» አለችው። «በልቻለሁ እኮ።» «አልበላህም። ብላ፤ ጉልበት ያስፈልግሃል።» ጠቅልላ አጎረሰችው፣ ደገመችው። እሷም በላች፤ ዝም ብላ፣ ሳይጣፍጣት፣ እንደታዘዘ ሰው እስከ መጨረሻው በላች። ወንድዬ እጇን ሲያይ ባምላክ ትዝ አለው፤ ሦስቱም ልጆች ሆነው ዘንገና ዳር የተጠበሰ ድንች ሲሻሙ አመዱን እየነፋች ትልቅ ትልቁን ለባምላክ የምትሰጠው በዚሁ እጇ ነበር። ትዝ ሲለው ሊሰማው የሚገባ ነገር ነበር። ጠበቀው፣ አልመጣም።

ከምሳ በኋላ የተፈራው መጣ። እሷ ሰሃን ልታጥብ ወደ ጓሮ እንደገባች አንድ ወጣት ፍላሽ በጣቱ እያሽከረከረ በሩ ላይ ቆመና «ባነር ነበር፣ አስቸኳይ ነው፣ ለቀብር» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ወንድዬ ዘሎ ወጥቶ ልጁን በክንዱ ይዞ ወደ አስፋልቱ ገፋው፣ «ማሽኑ ተፈትቷል፣ አይሠራም፣ ሂድ» አለው። ልጁ ግራ ገባው። የራሱ ሠፈር ሰው፣ አንድ ሽማግሌ ሞተውበት ነው እንጂ ስለ ባምላክ የሚያውቀው የለም። ወንድዬ ሲመለስ ማስተዋል የታጠበውን ሰሃን ይዛ የጓሮው በር ላይ ቆማለች። ለቀብር የሚለውን ሰምታለች፤ ከዚያ የቆመ ሰው ሳይሰማው አይቀርም። ሰሃኑን ደርባ አስቀመጠችና ወደ ፍሬሞቿ ተመለሰች። ወንድዬ ላቡን ጠረገ። ለቀብር የመጣን ሰው «ነፍስ ይማር፣ ማን ሞቶ ነው?» ሳትለው አሳልፋ እንደማታውቅ ያስታወሰው ቆይቶ ነው።

የመገልበጫዋ መስመር መጨረሻዋ ላይ ከደረሰች ቆይታለች፤ ወንድዬ ላፕቶፑን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሰወራት። ማስተዋል ጀርባዋን ስትሰጠው ፎቶዎቹ ውስጥ ገባ። የባምላክ ስም የተጻፈበት ማኅደር አገኘ፤ ውስጡ ብዙ ባምላኮች አሉ። ልጅ ሆኖ ፈረስ ላይ፣ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ትራክተር ላይ ቆሞ ጣቱን ቀስሮ፣ የጓደኛው ሰርግ ላይ ጥቁር ኮትና ክራባት አድርጎ። ወንድዬ እያንዳንዱን ፊት የጠፋ ፋይል እንደሚፈልግ ባለሙያ ተመለከተ፤ ጥራቱ ስንት ነው፣ ቢለጠጥ ይደበዝዛል ወይ፣ ከኋላው ያለው ሰው ይቆረጣል ወይ። ባለ ኮቱ ደህና ነው። ወግ ያለው ነው፣ ለአያ እንየውም ደስ ይላቸዋል። ገልብጦ ፍላሹ ላይ አሳረፈው፣ ነቅሎ ሱሪ ኪሱ ከተተው፣ ተነሣ። «ሻይ ጠጥቼ ልምጣ እታለም» አላት።

«የትኛውን ወሰድከው?» አለችው።

ፍሬሙን እየወለወለች ነው፤ ቀና አላለችም።

«ምኑን?»

«ፎቶውን።»

ወንድዬ እጁን ፍላሹ ወዳለበት ኪሱ ሰደደ።

«ባለ ኮቱን ከሆነ ተወው» አለች። «ኮቱ የውሰት ነበር። እጅጌው ስላጠረው ያን ቀን ሙሉ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ዋለ። ፎቶውን ባየው ቁጥር ያፍር ነበር፤ አጥፊልኝ ይለኝ ነበር።»

ወንድዬ የቀርከሃው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ከአስፋልቱ የባጃጅ ጥሩንባ ተሰማ። በመጨረሻ «ማን ነገረሽ?» አላት።

«ማን ይነግረኛል? ስድስት ወር ለምኜህ ያልመጣኸው ሰው፣ ሳልጠራህ ከነዕቃህ መጣህ። የሆነ ሰው ሞቷል አልኩ። ከዚያ አባዬ ደወሉ፤ በአማርኛ ሰላም አሉኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ በአማርኛ አናግረውኝ አያውቁም። አማርኛ ለቢሮ ሰው ነው የሚያወሩት። በአዊኛ ቢያወሩ ድምፃቸው እንደሚከዳቸው ፈርተው ነው።» ጨርቁን አጠፈችው። «አባዬ ደህና ናቸው። ይሄይስ ቆሞ አየሁት። የልጄን ሹራብ በእጄ ቆለፍኩላት። ሁሉም ሰው ስለ ሁሉም ነገር ሲያወራ ዋለ፤ የባምላክን ስም የጠራ ግን የለም። ወባ ነው?»

«ወባ ነው።»

«እሺ» አለች። እንዲህ ብቻ አለች፤ ዋጋ እንደተነገረው ገዢ። «ከጧት ጀምሮ ልጩህ እያልኩ አስባለሁ፣ እምቢ አለኝ። ደረቴ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ተኝቷል። አንተንም እንደዚሁ ነው የያዘህ አይደል? ሳይህ አውቄዋለሁ፤ ለዚያ ነው ያበላሁህ። ነገ አትበላም።»

ወንድዬ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ለአጎቱ የገባው ቃል ወደቀ። እሷን ከመርዶ ሊጠብቅ መጥቶ መርዶውን በእግሩ ይዞላት የገባው እሱ ራሱ መሆኑ ገባው፤ አፈረም። «አያ ምን ይሉኛል?» አለ።

«አባዬ አያውቁም» አለች፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠንከር አለ። «አያውቁም፣ ሰማህ? የእማዬ ጊዜ አንጀታቸው አርሯል። ነገ መጥተው ራሳቸው ይነግሩኛል፣ እኔም ከእሳቸው እሰማለሁ። በል አሁን ዕቃውን ግጠመው።»

«ምን ይሠራልሻል?»

«የዳንግላ ልጆች ሲያትሙ ፊት ያጠቁራሉ። ወንድሜን እኔ ነኝ የማስተካክለው።»

ወንድዬ አዲሱን ዲስክ ቦታው ላይ አሰረ፣ አዲሶቹን ራሞች ቀጭ እስኪሉ ተጫናቸው፣ ቁልፉን ተጫነ። ማስተዋል እንደ ልማዷ ከወንበሯ ተነሥታ መጥረጊያ አነሣች፤ ያ ዕቃ እስኪነሣ ሱቁን መጥረግ፣ ደጁን ውሃ መርጨት፣ አንዳንዴም ውዳሴ ማርያም መድገም ለምዳለች። ገና ጎንበስ ስትል እስክሪኑ በራ፣ ሁሉም ነገር ተከፍቶ ይጠብቃታል። «አለቀ?» አለች መጥረጊያዋን እንደያዘች። «አለቀ።» «እንዲህ ይሆን ነበር እንዴ!» አለች፣ ቅር ያላት ትመስላለች። የእናቷን ፊት ያን ቀን ቁራጭ በቁራጭ ያሳያት ማሽን አሁን የባምላክን ፊት በአንድ ጊዜ፣ ሙሉውን፣ ፍንትው አድርጎ አመጣው። ለመንጃ ፈቃድ ራሷ ያነሣችው ነበር። አትሳቅ ብላው ሳቁን ያፈነበት፣ ከንፈሩ የተጣበቀ፣ ዓይኑ ግን የከዳው። ወንድዬ ፊቱን ወደ መጋረጃው ዳክዬዎች አዞረ።

እሷ ሠራች። በጉንጩ ላይ ያለውን ጥላ አነሣች፣ የሸሚዙን አንገት አቃናች፣ ከኋላው የነበረውን ግድግዳ አጥፍታ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ አደረገችለት። ፊቱን ስታቀርበው ዓይኑ ከእጇ መዳፍ ይበልጥ ነበር። ብዙ የሰው ሙታን በዚህ እጅ አልፈዋል፣ እጁ ሥራውን ያውቃል። ከሥር «ባምላክ እንየው» ብላ ጻፈች። ወንድዬ ቀጥሎ የሚመጡትን ቃላት ጠበቀ፤ ነፍስ ይማር የሚለውን፣ በሙት ባነር ሁሉ ላይ ያለውን። ጣቶቿ እዚያ ላይ ቆሙ።

«ይችን እነሱ ይጻፏት» አለች። «እኔ ገና አልሰማሁም።»

ፍላሹን ከወንድዬ ተቀብላ ባነሩን ጫነችበት፣ ነቅላ ሰጠችው። ኮምፒውተሩን አጠፋች፣ ገመዱን ነቀለች። «አሁን ፍታው» አለችው። «እንደ ጧቱ አድርገው። አባዬ እንዳሉት ሞቶ ያግኙት።» ወንድዬ ተንበርክኮ የገጠማቸውን አዲስ ራሞች መልሶ ነቀለ፣ ኪሱ ውስጥ ካሉት ከአሮጌዎቹ ጋር ቀላቀላቸው። የሲፒዩዋን ጎን ክፍት እንደሆነ ግድግዳው ሥር ተወው። ፍላሹን ወደ ዳንግላ ለሚሄድ ለሚያውቀው ሾፌር አስረክቦ ሲመለስ ሱቁ ተዘግቷል። ይሄይስ ግቢው በር ላይ ቆሞ «አላወቀችም አይደል?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀው። «አላወቀችም» አለው።

በማግስቱ ውርጩ ሳይለቅ መጡ። አያ እንየው ከፊት፣ ሽማግሎቹ ከኋላ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከእነሱ ኋላ። እዚያው ያደረው ወንድዬ ሱቁን ከፈተላቸው፤ በዚያ በኩል ነው የገቡት። አያ እንየው ግድግዳው ሥር የተጋደመውን፣ ጎኑ ተከፍቶ አንጀቱ የሚታየውን ዕቃ ቆም ብለው አዩትና ወንድዬን ትከሻውን መታ አደረጉት። ጓዳ ሲደርሱ ማስተዋል ከአልጋዋ እንደተነሣች ሆና፣ ፀጉሯ ተበታትኖ፣ ጋቢ ለብሳ ወጣች። «ምነው አባዬ? በደህና ነው? ምነው በዚህ ማለዳ?» አለች። አስቀመጧት። በግራና በቀኝ ሴቶች ከበቧት። አያ እንየው ፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሁለቱን እጆቿን በሁለት እጃቸው ያዙና በአዊኛ፣ ቀስ ብለው፣ አንድም ቃል ሳያዛንፉ ነገሯት። ድምፃቸው አልከዳቸውም፤ ሌሊቱን ሲለማመዱት አድረዋል።

ጩኸቷ ቤቱን ሰነጠቀው። ወንድዬ የሚያስመስል ሰው ጩኸት ጠብቆ ነበር፤ ይህ ግን ከትናንት ጧት ጀምሮ ተኝቶ የዋለው፣ የአባቷን አፍና የአባቷን ቋንቋ ሲጠብቅ ያደረው ራሱ ነበር። ባምላኬ እያለች በአባቷ ጉልበት ላይ ወደቀች፣ አባቷም ጎንበስ ብለው አቀፏት፣ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ከደጅ ያሉት ሰሙና ተቀበሉ። ወንድዬ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ የራሱን ጠበቀ። አሁንም አልመጣም። እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ሲጨብጥ ቀዝቃዛዎቹ ራሞች ጣቱን ወጉት፤ እሱም እንደ ሩቅ ነገር ነበር የተሰማው።

ጥቂት ቆይተው አያ እንየው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደ እሱ መጡ። ልጅ ቀብረው ሊውሉ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፣ ፊታቸው ላይ ግን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ያረፈ ነገር ነበር። ክንዱን ያዙት።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉት። «ይኸው፣ የእናቷስ አመለጠኝ። የዛሬውን እንኳ በወጉ ሰማች።»

«አዎ አያ» አለ ወንድዬ። «በወጉ ሰማች።»